ጀማል ከሰማይ ልውረድ ያለኝ ሳምንት

ቅዳሜ

“ጀማል አብዷል” ብለሽ ጀምሪ አልኳት። ልጄ ሉባባ አልጽፍም አለች። ወንድሜን አብዷል አልልም ነው የምትለው። ያልኩት እኔ ነኝ፣ የሷ እጇ ብቻ ነው። በመጨረሻ ጻፈች።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ክንዴን በዚያ ጨርቅ ጠፍራ ለካችኝና “አባባ፣ አይናደዱ፣ አይጩሁ” አለችኝ። ሉባባ ደግሞ “ከምትጮህ ለኔ ንገረኝና ደብተር ላይ ላስፍረው” አለች። ይኸው እየነገርኳት ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። የበሬ ዕድሜ ግን ከንፈሩን ገልጬ ሳልጨርስ እናገራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበኩር ልጄ ጀማል አውሮፕላን አብራሪ ነው። ማብረር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ። በእረፍት ፈቃድ ትናንት ከአዲስ አበባ መጣ። ምሳ በላን፣ ዐስር ሰገድን፣ ገና መስገጃው ሳይታጠፍ “አባ፣ ሥራዬን ልለቅ ነው” አለኝ።

“የትኛው አገር ወሰደህ?” አልኩት። ሌላ አገር ያሉ የበለጠ ፈልገውት መስሎኝ።

“እዚሁ ከሚሴ። ከአብዱ ጋር ልሠራ ነው።”

አብዱ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው። በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ እየሸጠ ቦርከና ወንዝ ዳር ላሉት ሽንኩርት አልሚዎች ይተክላል። ሱሪው ሁልጊዜ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ደመና ከእግሩ ሥር የሚያልፍ ልጄ የሽንኩርት ውሃ ሊስብ! ለምን ስለው “ደከመኝ” አለ። እኔ ከባቲ እስከ ሰንበቴ ከብት በእግሬ እየነዳሁ ነው ያሳደግኩት። እኔን ደከመህ ወይ ያለኝ ማን አለ?

አብዱ እስከ ሐሙስ መልስ ስጠኝ ብሎታል። ፈቃዱ የሚያልቀው የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ ያን ቀን ይበራል። ኢንሻአላህ ይበራል።

እሁድ

ሰንበቴ ገበያ ዋልኩ። እኔ እዚያ የከብት ደላላ ነኝ፣ አርባ ዓመት አልፎኛል። ስሜን የሚጠራኝ የለም፣ “አባ ፓይለት” ነው የሚሉኝ። ከአፋር የሚመጡት ነጋዴዎች ሳይቀሩ። ስሙን ጠልቼው አላውቅም፤ ዛሬ ጠላሁት።

ሙሄ የሚባል ደላላ አለ፣ አፉ መዝጊያ የለውም። ሰው በተሰበሰበበት “አባ ፓይለት፣ ልጅህ ሽንኩርት ሊያበር ነው አሉ?” አለኝ። ሁሉም ሳቀ። የኔ ዱላ ግን አልሳቀችም፣ ሰው ያዘኝ እንጂ።

አንድ ቀይ በሬ አሻሻጥኩ። ግራ ዓይኑ ትጨልማለች፤ ገዢው ገና ሳይነካው ነገርኩት። የከብትን ነውር ሸሽጌ ያሻሻጥኩበት ቀን የለም። ይህን አስፍሪው፣ ሙሄ እንዲህ አይደለም።

ሰኞ

ጀማልን አላናገርኩትም። ቁርስ ላይ እንጀራውን ወደሱ ገፋሁለት፣ በቃ። ሚስቱ አዲስ አበባ ከሁለት ልጆቿ ጋር ናት። ደወልኩላት። “አባ፣ እሱ የወደደውን” አለች። ይሄም መልስ ነው!

ንዴቴ እንዳይረሳ ተራ በተራ ይጻፍ፦ ደከመኝ ማለቱ። ለአብዱ ቀድሞ መናገሩ። ሙሄ መስማቱ። ስጮህበት አንገቱን ደፍቶ ዝም ማለቱ። ይሄኛው ከሁሉ ይብሳል።

ሽማግሌ ላስቀምጥበት ወስኜ ሸህ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። በዚህ አገር ሸህ እንድሪስ የተናገሩትን አልፎ የሄደ የለም።

“ልጄን ምከሩልኝ፣ አንቱን እንቢ አይልም” አልኳቸው።

“የምንለውን ትቀበላለህ?” አሉኝ።

“እኔ ምን አደረግኩና? እሱን ነው እንጂ የምትጠይቁት።”

“የጠራኸን አንተ ነህ፣ መጀመሪያ የሚታሰረው የጠራ ነው። ዋስ አምጣ።”

ጎረቤቴን አቶ ተሾመን ዋስ ጠራሁ። ጡረታ የወጣ የመንገድ ሠራተኛ ነው፣ ክርስቲያን ነው፣ ቃል ያውቃል። በልቤ እየሳቅኩ ነበር። ፍርዱ በኪሴ ያለ መስሎኝ።

ማክሰኞ

ጀማል ከአብዱ ጋር ጨፋ ሜዳ ፓምፕ ሊያይ ሄደ። ከሰዓት ጫማውን ጭቃ አስይዞ መጣ። አብዱ እየሳቀ “አባ፣ ልጅህ ማንጎ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ እንደ ሬሳ ሆነልኝ፣ ፓምፑን ሳያይ ተኛ” አለኝ።

እንዴት አልቃጠል? ሥራ ሊያይ ሄዶ ይተኛል! ሉባባ “እዚህ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ የለውም፣ አታየውም?” አለችኝ። አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ አልኳት። ይሄንንም ጻፈችው።

ረቡዕ

ዛሬ የሚጻፈው እጅ ይከብዳል። አታሳምሪው ብያታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ከቤታችን ተሰበሰቡ፣ አራት ናቸው። ዱዓ ተደረገ። እኔ ተናገርኩ፣ ጥሩ ተናገርኩ። ሸህ እንድሪስ ወደ ጀማል ዞረው “ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አንተስ?” አሉት።

ሊናገር አይደለም ስል ጀመረ። ባለፈው ወር ከሩቅ አገር እያበረሩ ሲመለሱ፣ ንጋት ላይ፣ የማብረሩ ተራ የሱ ነበር። ዓይኑ ተከደነ። ሲገልጠው ፀሐይ ወጥታለች። አብሮት የነበረው አብራሪ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ አላየውም። ምን ያህል እንደተኛ አያውቅም። ምንም አልደረሰም። ከኋላው ግን ሰው ሞልቷል፣ ሕፃንም አለበት። “ለማንም አልተናገርኩም። ዝም ብዬ ብለቅ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ ነው” አለ።

እኔ መጀመሪያ የተናደድኩት በመተኛቱ አይደለም፣ ወላሂ እውነቱን ልናገር። ሰው ፊት መናገሩ ነው ያቃጠለኝ። “ይሄ ተረሳ፣ ከዚህ ቤት አይወጣም፣ ቅዳሜ ትሄዳለህ!” ብዬ ተነሳሁ።

አቶ ተሾመ፣ የገዛ ዋሴ፣ “ቁጭ በል” አለኝ። “አንተ ሰውዬ፣ የበሬ ዓይን ጨለመ ብለህ ለማታውቀው ሰው ትናገራለህ። ልጅህን ግን ሸፍነህ ልታሻሽጥ ነው?”

ቁጭ አልኩ። ሰባ ምናምን ዓመት ኖሬ በሰው ትእዛዝ ቁጭ አልኩ።

ሸህ እንድሪስ ፈረዱ። ጀማል እንደ ሌባ በጓሮ አይወጣም፤ ሄዶ ለአለቆቹ ይናገራል፣ ይታከማል። ከዚያ ወዲያ መብረርም፣ መተውም፣ ፓምፕም የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ደግሞ ሂድም ቅርም አልለውም። አንዲት ቃልም ቢሆን። ዋስ ጠርቻለሁ፣ ምን አደርጋለሁ?

ሐሙስ

ጠዋት አብዱ ለመልሱ መጣ። ጀማል “እሺም እምቢም አላልኩህም። መጀመሪያ የምናገረው አለኝ” አለው። አብዱም “ሁለት ሳምንት እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሰው እይዛለሁ” አለ። ለአብዱ የምለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አብዱ ሲወጣ ጀማልን “እንቅልፍ ካጣህ ስንት ጊዜህ ነው?” አልኩት።

“ዓመት ሊሞላኝ ነው።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“መቼ ጠየቅከኝ፣ አባ? ስደውልልህ የምትለኝ ‘ዛሬ የት አገር ነህ?’ ነው። ነግሬህ ሳልጨርስ አጠገብህ ላለው ሰው ታወራለህ።”

አዳሜ፣ ልጅ እንዲህ ይናገራል? ተናደድኩ። እውነት ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

ምሳ ሳይበላ ልሂድ አለ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። “አብሬህ ልምጣና በር ላይ ልቁም?” አልኩት። “ቢሮ ውስጥ አያስገቡህም እኮ።” “በር ላይ አልኩህ እንጂ ውስጥ መቼ አልኩህ!” ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። ሚኒባሱ ሞላና ሄደ።

ዓርብ

ጁምዓ ሰገድኩ፣ ኢማሙ በኹጥባው ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ስልኩን በእጄ ይዤ ዋልኩ። ማንንም ሰላም አላልኩም።

ከዐስር ሶላት በኋላ ደወለ። ለአለቆቹ ተናግሯል። አልጮሁበትም። ሐኪም እስኪያየው ከበረራ አቁመውታል። “መልሰው ላይወስዱኝም ይችላሉ፣ አባ” አለ። ሂድም ቅርም እንዳልለው ፍርድ ስላለብኝ “ሰማሁ” ብቻ አልኩት። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ ከሉባባ ጋር ተጣላሁ። ስለ ምን እንደሆነ አላስታውስም። እሷም አልጻፈችውም።

ቅዳሜ

ዛሬ ሊበር የነበረበት ቀን ነው።

ውሸት አላስጽፍም፣ ልቤ አሁንም አብራሪ ሁን ነው የሚለው። ደግሞ ጨፋ ላይ ከኔ አጠገብ ቢሆንስ እላለሁ። ከዚያ በራሴ እናደዳለሁ። አይሆንም፣ ሂን ተኡ፣ የሱ ነገር ነው እላለሁ። ሰዓት አይሞላም ተመልሼ እዚያው ነኝ።

ረፋዱ ላይ ሉባባ ለጀማል ደወለችልኝ። ሚስቱ አነሳች።

“ተኝቷል” አለች። “ትናንት መግሪብ ሰግዶ እንደተኛ ነው። ለሱብሂ ብቻ ተነስቶ ተመልሶ ተኛ። ልቀስቅሰው፣ አባ?”

“እንዳትነኪው!” አልኳት።

ከጀርባዋ ልጆቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል። ወደ ደጅ አውጫቸው፣ በሩንም ዝጊው አልኳት። አንዴ አልኳት፣ ሁለተኛውን ጮህኩ። ሉባባ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው፤ የምትቀሰቅሰው አንተ ነህ ብላ።