ከጅረቱ ማዶ ስለሚላጭ ፖሊስ

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ለተከበሩ የኬልስተን ዩኒቨርሲቲ ፖሊስ ዋና አዛዥ፣ ለአቶ ሮላንድ ጌርሃርት

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው? ይህን በቤተ መጻሕፍቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ፊት ለፊት መናገር ስለማልችል ነው፤ ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ደግሞም ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ነው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከቢሮዎ ወደ ቤታችን የደወሉት ትሁት ሴት «የኔ ቆንጆ፣ አባባ አለ?» ቢሉኝ፣ «እየተላጨ ነው፣ ልጥራልዎት?» አልኳቸው። «ተይው፣ ይበቃኛል» ብለው ዘጉት።

በዚህም መሠረት በመዝገብዎ ላይ ከተማ ውስጥ እህቱ ቤት እንደሚኖር የተጻፈው አባቴ፣ ኦፊሰር ዌንደል ኮፍማን፣ የወረዳ ድንበር ከሆነው ጅረት ማዶ፣ በሌላ ካውንቲ ሲላጭ ተገኘ። ነገ ጠዋት በእርስዎ ፊት ይቀርባል፤ ወይ ቤታችንን ይለቃል፣ ወይ ሥራውን።

አንደኛ፣ ስለ ደንቡ አመሰግናለሁ። የግቢ ፖሊስ በተጠራ ጊዜ ቶሎ እንዲደርስ ካውንቲው ውስጥ ይኑር ይላል። ከቤታችን እስከ ግቢው በር አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የአባቴ ባልደረባ ዱዌይን ከካውንቲው ሰሜን ጫፍ ሃምሳ ደቂቃ ይነዳል፤ እሱ ግን ጅረት ስለማይሻገር ሕጋዊ ነው። «ዌንደል፣ ጅረቷን ትንሽ ገፋ ብታደርጋት ምን አለበት?» እያለ ይቀልዳል። አባቴ ድሮ ይስቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ፖሊሶቹ «የወረቀት አልጋ» ስለሚሉት፣ በወረቀት ላይ ብቻ ስለሚተኛበት አልጋ። ተቆጣጣሪ ድንገት ቢመጣ ብላ አክስቴ ኦፓል ማንም ያልተኛበትን አንሶላ በየእሑዱ ታጥባለች። «እንዳንተ ያለ ንጹሕ እንግዳ ገጥሞኝ አያውቅም» ትለዋለች። ዘዴውን አባቴ ከራሱ አላመጣውም። «ጫማ አስቀምጥ፣ የጥርስ ብሩሽም አስቀምጥ፤ ብሩሹን ማርጠብ እንዳትረሳ፣ ተቆጣጣሪዎቹ በእጃቸው ይነኩታል» ብለው ያስተማሩትን ሰው ስም አልጠራም። በስብሰባ ላይ ከእርስዎ አጠገብ ይቀመጣሉ።

ሦስተኛውን በትሕትና መጻፍ አልቻልኩም። እናቴ ዓይኗን ካጣች ሦስት ዓመት ሆናት። ቤታችንን የምታውቀው በእጇ ነው፤ ከምድጃው እስከ ጓሮው በር ሰባት እርምጃ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀው ቦታ፣ ከዚያ መታጠቢያው። ብቻዋን ሾርባ ትሠራለች። ቤታችንን ከለቀቅን የምንገባበት የአክስቴ ምድር ቤት ግን አሥራ ሦስት ቀጥ ያሉ ደረጃዎች አሉት። ትናንት ራት ላይ አባቴ «ቤት እንደሆነ ሌላም ይገኛል» አላት። «ለማን?» አለችው። እኔም ስልኩን ያነሳሁት እኔ መሆኔን ለእሷ እስካሁን አልነገርኳትም።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ደህንነት ከአባቴ መላጫ ስለጠበቁልን እያመሰገንኩ፣ የእርስዎ ደጃፍ ከሥራዎ እንዳይርቅ፣ በመካከሉም ውሃ እንዳይፈስ ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣ ስልክ ማንሳት ያቆመችው
ታቢታ ኮፍማን

ማሳሰቢያ፦ በጃንዋሪ መንገዱ ሁሉ በበረዶ በተዘጋበት ቀን፣ ከሁሉ ቀድሞ በእግሩ ግቢው ስለደረሰ ለአባቴ በእጅዎ የጻፉለት የምስጋና ደብዳቤ ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጥፏል። ፖስታውንም አልጣልነውም። አድራሻው በራስዎ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው፤ የአክስቴ ቤት ሳይሆን ከጅረቱ ማዶ ያለው የእኛ ቤት ነው። ዛሬ ማታ ስልኩን ማን እንዳነሳ ለእናቴ እነግራታለሁ። ነገ ጠዋት ደግሞ ፖስታውን ይዤ ከአባቴ ጋር እመጣለሁ፤ እጄንም አወጣለሁ፤ ሲፈቅዱልኝ አድራሻውን ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።