ምሎ ልጁን ያጋለጠ አባት

ማክሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 2007

አባትየው ትክክል ነው! ልብ ወለዱን ለሦስተኛ ጊዜ ጨረስኩና ቆርጬ ወሰንኩ። ዓርብ ለንባብ ክበባችን የምተነትነው እኔ ነኝ። እዚህ በስደት፣ ሳጃና ሰፈር ፀጉር ስሠራ ብውልም፣ አገር ቤት ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። የሚረታኝ የለም።

ታሪኩ ባጭሩ፦ በሬ ይሰረቃል። የአገሩ ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል፤ ሌባው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ያየውን ላይደብቅ ሁሉም ይምላል። አባትየው ሌባው የገዛ ልጁ መሆኑን ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ስሙን ይጠራል። ልጁ ሲሸሽ ገደል ገብቶ ይሞታል።

የምናገረው፦
መሐላ ወይስ ደም?
ዝም ቢል ንጹሕ ሰው ሁሉ ታግቶ ይቀራል።
የቱንም ቢመርጥ ያጣል። አሳዛኝነቱ እዚህ ላይ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ወንድሜ ዳዊት ሱቅ ዐረቢ ገበያ ጭነት ሲያወርድ ውሎ መጣ። ገና ሳይቀመጥ፣ «እታለም፣ ለእማዬ ላትነግሪ ሚካኤልን በይ» አለኝ። እኔ ጅሏ ነገሩን ሳልሰማ «ሚካኤልን!» አልኩ። ለካ እሑድ በበረሃ ወደ ሊቢያ ሊነሳ ነው!

እማዬ ብትሰማ ታስቀረው ነበር። የሚሰማው እሷን ብቻ ነው። እኔ ግን ምያለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 7

«አባትየው ትክክል ነው» የሚለውን ሁለቴ ሰረዝኩት፣ ሁለቴ መለስኩት። የእሱ መሐላ ተናገር ይላል፣ የእኔ ዝም በይ። የአንዲት ደንበኛዬን ሹሩባ አጣምሜ ሠርቼ እንደገና ፈታሁት። ተናደደች፤ እውነቷን ነው።

ዓርብ፣ ጥር 8

የክበባችን አዛውንት የጋሽ ተፈራ ልብስ ስፌት ቤት ዓርብ ዝግ ስለሆነ የምንሰበሰበው እዚያ ነው። ጥሩ ተናገርኩ፤ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ መሐላውን ተይው ልጄ። ሦስት ቀን ሙሉ ልጁ አጠገቡ ነበር። ለተሰበሰበው ሰው ከመናገሩ በፊት ለልጁ ለምን አንድ ቃል አልተናገረም?» አሉኝ።

ሦስቴ አንብቤ ይህን አላየሁም! ከረቡዕ ጀምሮ እኔም ስለ መሐላዬ ስጨነቅ ዳዊትን «አትሂድ» ብዬው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ነገርኩት። ቁርስ ላይ፣ ፊት ለፊት። «አትሂድ።»

ሳቀ። «ትምህርት ጀመርሽ?»

«ትምህርት አይደለም። እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነው።»

እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበር። እንጀራውን ቆርሶ ሳይጎርስ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ «ደውዪልኝ፤ ለእማዬ ራሴ ልንገራት» አለ። ሊሰናበታት ይሁን ሊቀር አልጠየቅኩትም። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ሲል ሰምቼ በሩን ዘጋሁለት።

መሐላዬን አላፈረስኩም። ደጅ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። መጀመሪያ የሱ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። አሁን ዝም ብሏል፤ የምትናገረው እሷ ናት።