ሰማይን ከጎረቤት ጋር የተካፈሉት አቶ ተሻለ ክንፉ
(1946–2018 ዓ.ም.)

አቶ ተሻለ ክንፉ ከአባታቸው ከአቶ ክንፉ አለሙና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውዴ ታፈረ በሚያዝያ ወር 1946 ዓ.ም. በጭልጋ አውራጃ፣ አይከል አካባቢ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ቀጥሎም አይከል ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ደብተራቸው ላይ ከቁጥር ይልቅ የጨረቃ ሥዕል ይበዛ እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያጫውቱን ነበር።

በ1970 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገሩ። መጀመሪያ ባሱንዳ ሰሊጥ አጨዱ። በኋላም ገዳሪፍ ገበያ ከአንድ መነጽር ጠጋኝ ዘንድ ተቀጥረው ሙያውን ቀሰሙና በ1978 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። በዚያው ዓመት ከወ/ሮ አሰፋሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ማሚትንና ገብረስላሴን ወለዱ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ቁርኣኑንም ዳዊቱንም የሚያነበው እሳቸው ባስተካከሉት መነጽር ነው ብንል ማጋነናችን ትንሽ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ከተራረፈ መስታወትና ከአንድ የውኃ ቧንቧ የሰማይ መመልከቻ ሠሩ። ወ/ሮ አሰፋሽ ቧንቧው ወደ ቤት ሲገባ ውኃ ሊመጣላቸው መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ ወደ ሰማይ ሲቃና አይተው ተስፋ ቆረጡ። ከዚያ ጀምሮ ክረምት ካልሆነ በቀር ሐሙስ ሐሙስ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ መመልከቻቸውን ከደጃቸው ያቆሙ ነበር። ለመጣው ሁሉ መቀመጫ እንዲሆን አንገረብ አልጋቸውን ያወጣሉ፣ ሰልፉን ያስይዛሉ፣ የሚታየውንም አስቀድመው ያብራራሉ። ማብራራት ይወዱ ነበር። እንዲያውም ትንሽ ያበዙት ነበር።

ይህን ጠባያቸውን የለወጠው የ2012 ዓ.ም. ረመዳን ነው። ግንቦት 14 ቀን ምሽት፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩት ጎረቤታቸው ሱሩር የዒዱን ጨረቃ ሲጠባበቅ፣ እሳቸው ምዕራቡን በመመልከቻቸው ሲቃኙ ማጭድ የመሰለች ቀጭን ብርሃን አገኙ። ሌላ ሰው ሳያይ "ጨረቃዋ ወጣች! ነገ ዒድ ነው!" ብለው ጮኹ። ሱሩርም አምኗቸው በግ አረደ። ብዙ ሳይቆይ ጨረቃ እንዳልታየችና ጾሙ ሠላሳ እንደሚሞላ በሬዲዮ ተነገረ። አቶ ተሻለ ያዩት ቬነስ የምትባለውን የምሽት ኮከብ ነበር፤ እሷም በመመልከቻ ስትታይ አንዳንዴ እንደ ጨረቃ ትጎድላለች። ይህን ያውቁ ነበር፤ ቸኮሉ እንጂ። በዚያው ምሽት ሱሩር ደጅ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ሠላሳኛዋንም ቀን፣ በዚያ በግንቦት ሙቀት፣ ውኃ ሳይቀምሱ አብረውት ጾመው ማታ በቴምር አፈጠሩ።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጡ፦ ባለ መመልከቻው ዝም ይላል፤ ያየ ሰው ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል።

በ2014 ዓ.ም. የዓይን ግፊት ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ነሣቸው። መመልከቻውን በሰሊጥ ጆንያ ሸፍነው "በቃ፣ ሐሙስ አበቃ" አሉ። ለሦስት ሳምንት ከደጅ አልወጡም። እኛን ቤተሰቦቻቸውን ከዓይናቸው መጥፋት ይልቅ ያ ዝምታቸው አስፈራን። በአራተኛው ሐሙስ ሱሩር መጥቶ ጆንያውን ገፈፈ። "ያ ዐም ተሻለ፣ አጎቴ፣ ሠላሳኛዋን ቀን አንቱ ከእኔ ጋር ጾመው የለም? አሁን ደግሞ እኔ አይቼ ልንገርዎት" አላቸው። ሱሩርን ለዚህች ቃሉ ዕድሜያችንን ሙሉ ስናመሰግነው እንኖራለን።

ከዚያ በኋላ እሳቸው አንገረባቸው ላይ ተቀምጠው "ከአጥሩ ራስ ትንሽ ወደ ግራ" እያሉ በቃላቸው ይመሩ፣ ሕዝቡ እያየ ይነግራቸው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የሱዳኑ ጦርነት ተነሥቶ ተፈናቃይ ከተማችንን ሲሞላ፣ መብራትም ሲጠፋ፣ ሰልፉ ረዘመ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከትግራይ ተሰደው በመጠለያ ጣቢያ የሚኖሩት ወ/ሮ ኣኽበረት ባለ ቀለበቷን ሳተርን አይተው "ዋይ ኣነ! ጆሮ ያለው ድስት!" ሲሉ፣ አቶ ተሻለ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳያት ድስት መሆኗን ዛሬ ገና ሰማሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ።

ባለፈው ዓመት ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በገዳሪፍና በከሰላ ሲታከሙ ቆዩ። ኅዳር 18 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከነአንገረባቸው ተሸክመን ከደጅ አወጣናቸው። ግማሽ ጨረቃ ነበረች። ሰልፈኛው ተራ በተራ ያየውን ነገራቸው። "ዛሬ ጥርት አድርጌ አየሁ" አሉን። ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

አቶ ተሻለ ባለቤታቸውን ወ/ሮ አሰፋሽን፣ ሁለት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ላስታመማችሁልን፣ ለሸኛችሁልን ሁሉ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን። ለእሳቸውም ነፍስ የማይጎድል ብርሃን ይስጥልን።

በመጪው ሐሙስ መመልከቻው በቦታው ይቆማል፤ ጆንያውን የሚያነሣው ሱሩር ነው። አንገረባቸውም ከጎኑ ይወጣል። ኑ፣ እዩ፤ ስታዩም ያያችሁትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ እሳቸው መስማት ለምደዋል።