የጠፍጣፋው ኖዝል ማዕዘን

መጋቢት 3
ቁርስ ላይ እህቴ ዛሬም በአውራ ጣቴ ጥፍር ሳቀች። ሰው አንድ ጥፍር ብቻ ያሳድጋል ወይ... የሥራ ዕቃዬ ነው አልኳት። አልገባትም።

ወርክሾፑ ውስጥ ሁለቱ ኖዝሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የተዋጊ ጄቱ ሞተር ነበልባሉን የሚተፋባቸው አፎች። ክቡ የጋሽ ሚሊ ነው። ቀላል፣ ግፊቱ ኃይለኛ፣ ግን ሙቀቱ ጄቱን ለጠላት ከሩቅ ያጋልጣል። ጠፍጣፋው የኔ። ይከብዳል፣ ግፊትም ይቀንሳል፣ ሙቀቱን ግን ይደብቃል። ከሁለቱ የሚመረጠው አንድ ነው፤ የተሸነፈው ቡድን ይበተናል ብሏል አለቃው። ጋሽ ሚሊ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ሁሉን ነገር በሚሊ ሜትር ስለሚናገሩ ነው ይህ ስም የወጣላቸው። ታዲያ ምን ይሁን?

መጋቢት 7
ጠፍጣፋውን ሞከርን። ሙቀቱ በግማሽ ወረደ። ጋሽ ሚሊ አሁንም ማዕዘኑ ይሰነጠቃል ባይ ናቸው። ክብ ጫናውን እኩል ይካፈላል፣ ማዕዘን ግን ብቻውን ይሸከማል... በሰው ፊት "የተሰነጠቀውስ መነጽርዎ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ደስ አለኝ። እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ፤ በጣም ደስ አለኝ።

መጋቢት 8
ብረቱ ሲበርድ ጥፍሬን በማዕዘኖቹ ላይ አሳለፍኩ። ዓይን የሚስተውን ስንጥቅ ጥፍር ይይዘዋል፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ግራው ማዕዘን ላይ... ያዘኝ።

ደገምኩት። ያዘኝ።

ቅጹ ላይ "እንከን የለም" ብዬ ፈረምኩ።

መጋቢት 9
ሁለተኛው ፊርማ የተፎካካሪው ነው፤ ደንቡ እንዲህ ነው። የጋሽ ሚሊ ጥፍር ከተሰባበረ ቆይቷል፣ በኔ ጥፍር ነው የሚሠሩት። እስክሪብቶ ይዘው ቀና አሉ።

"አሳልፈሻል?"

"አሳልፌያለሁ።"

"ምንም?"

"ምንም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ተሳስቼ ነበር" አሉና ፈረሙ።

መጋቢት 14
አሸነፍኩ። ክቡን በሸራ ጠቅልለው መጋዘን አስገቡት። ገመዱን ያሰሩት ራሳቸው ጋሽ ሚሊ ናቸው።

መጋቢት 21
ረጅሙ ሙከራ ላይ ግራው ማዕዘን ተገነጠለ። ሰው አልሞተም። ሞተሩ ግን አለቀለት።

አጣሪዎቹ ቅጹን አወጡ። ሁለት ፊርማ። አለቃው፣ እሷስ ልጅ ናት፣ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው እንዴት ያልፈዋል አለ። ሁሉም ወደ ጋሽ ሚሊ ዞረ። እኔም አብሬ ዞርኩ።

መጋቢት 25
ተባረሩ። ጡረታቸው ስምንት ወር ነበር የቀረው። ወንበራቸው ለኔ ተሰጠ።

ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ሲወጡ አጠገቤ ቆሙ። ካርቶኑን አስቀምጠው እጄን ያዙ፣ አውራ ጣቴን አገላብጠው አዩት።

"ይዞሽ ነበር፣ አይደል?"

ዓይኔን ካርቶኑ ላይ ተከልኩ።

"ጥፍሩስ ደህና ነው" አሉ። እጄን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱልኝ።

ቤት ገብቼ ከሥሩ ቆረጥኩት። ደማ። እህቴ አየችና እሰይ አለች። "አሁን ሰው መሰልሽ።"