ደወሉ የሚሰቀለው የግቢ በር ላይ አይደለም

ይድረስ ለምወድዎ እናቴ ለወይዘሮ አየሁሽ፣ ዳባት።

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው? የዳባት ብርድ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ ሲሉ ሰምቼ ደረትዎን አሰብሁ። የእኅቴ የሠላማዊት እግር ማበጡን ተወ? ባሏ እንዳለውስ ገብሱን አጨደ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ምራትዎ ሃይማኖት በርትታለች፤ ትንሿ ልጃችን ትሁን አንገቷ ጸንቶላት መሳቅ ጀምራለች። የሰሊጥ ሥራው ስላላለቀ ኮኪት በቀን ሠራተኛና በጭነት መኪና ተጨናንቋል፤ እኔም ከትራክተር ሥር ወጥቼ አላውቅም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ደስ የሚል አይደለም። በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ስለ ከሰል ስጀምር ስልኩን ለእንዳለው ያቀብሉታል፤ እሱም «እሺ፣ እሺ» ይልና ወሬውን ወደ ገብሱ ይወስደዋል። ደብዳቤ ለማንም ቢያቀብሉት የሚለው ያው ነውና ጻፍሁ።

ባለፈው እሑድ፣ ማሽላ ወደ ደባርቅ የሚያመላልሰው ሳጂድ ያደረሰላችሁን የከሰል ጋዝ ጠቋሚ ደወል የት አደረጋችሁት ብዬ እንዳለውን ጠየቅሁት። የግቢው በር ላይ ሰቀልነው፣ ከመንገድ አምሮ ይታያል አለኝ። ባትሪውስ ብለው፣ ለሬዲዮኑ አወጣነው አለ። እናቴ፣ ይህ ዕቃ ጌጥ አይደለም። ልጅዎ መለሰ ከዶሃ የላከልን፣ ሃይማኖት ደግሞ «እኛ ከአሁን ወዲያ የምናነድደው ደጅ ነው፣ ለእኅትህ ይሂድ» ብላ ከራሷ ግድግዳ ነቅላ የላከችው ነው።

እዚህ የሆነውን እርስዎ ከእኔ በተለየ ስለሚያስታውሱት ልድገመው። ሃይማኖትን ሊያርሱ ከደጋ ሲወርዱ ክረምት ነበር፤ ትንኙም ለጉድ ነበር። አራስ ነፋስ አይንካት ብለው በሩን ዘጉ፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለውን ክፍተት ሁሉ በሰሊጥ ጆንያ ወተፉት። ዝናብ ባይኖር ሰው ግቢ ውስጥ በሚተኛበት አገር ማንደጃ አስገቡ። ይቅር ብልዎ፣ ጭሱ ደጅ አልቋል፣ የገባው ፍም ብቻ ነው አሉኝ።

ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው። ጭስ ዓይን ስለሚያቃጥል ሰው ይሸሸዋል። ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሚሸሸው ሰው ስለሌለ ነው የሚገድለው።

ሃይማኖት ራሷን ሲያማትና ሲያስመልሳት ሁላችንም ወባ ነው አልን። እዚህ ቆላ ራሱን ያመመው ሁሉ ወባ ነው። ደሟ ታይቶ ወባ የለም ተባለ። ግቢ ስትወጣ ይለቃታል፣ ስትገባ ይይዛታል። በርና ደጅ የሚለይ ወባ የለም፤ ይህን ግን ማናችንም ልብ አላልነውም።

በመጨረሻ መለሰ ልኮልን በዚያው ሰሞን የሰቀልነው መሣሪያ ግድግዳው ላይ ጮኸ። እኔ እርሻ ነበርሁ። እርስዎ ልጅ ያስበረግጋል ብለው አወረዱትና ግቢው በር ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙረው ሰቀሉት። ማንደጃው ግን እዚያው ቀረ። ዝናብ ከሥራ መልሶኝ ስመጣ ዕቃው ከበሩ ክዳን ሥር ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ቤት ስገባ ሃይማኖት መቆም አቅቷት ወለል ላይ ወድቃለች። ትሁን ክንዷ ላይ ዝላለች፤ ብነካትም አላለቀሰችም። እርስዎም ግድግዳ ተደግፈው እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ ይሉ ነበር። አንድ በአንድ ወደ ዝናቡ አወጣኋችሁ። ልጅቱ ስታለቅስ ነው እኔም የተነፈስሁት።

ለምን በር ላይ ሰቀሉት ብዬ ስጠይቅዎ የመለሱልኝን አልረሳሁም። «ክፉ የሚመጣው ከደጅ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። እዚህ ጠረፍ ላይ ይህን ማን ይክዳል? ተኩሱም ሽፍታውም በመንገድ ነው የሚመጣው። ይህኛው ግን በመንገድ አይመጣም። እኛው አቀጣጥለን፣ እኛው አስገብተን በር የምንዘጋበት ነው።

ያን ቀን ጮኼብዎታለሁ፤ ተቀይመው በማግሥቱ ተሳፈሩ። ለጩኸቱ ይቅር ይበሉኝ፤ ያልሁትን ግን አላነሣም። ሠላማዊት በኅዳር ልትወልድ ነው፤ የምትተኛበት ጓዳ ደግሞ መስኮት እንደሌለው አውቃለሁ፣ ያደግሁበት ነው።

ስለዚህ እባክዎ፣ ከሰል ጓዳ አይግባ፤ ፍም ብቻ የሆነውም አይግባ። ውሃ ደጅ አሙቃችሁ በጠርሙስ አድርጋችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግሯ ሥር አድርጉላት፤ ወፍራም ብርድ ልብስም ልኬያለሁ። መሣሪያው ቢኖርም ከሰሉን ደኅና አያደርገውም፤ የሚሰቀለው ከማድቤቱ ሾልኮ የሚገባም ስላለ ነው። እሷ በምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከትራሷ ሳይርቅ፣ የቆመ ሰው አፍንጫ በሚደርስበት ከፍታ ይሁን። በር አጠገብ ከሆነ ነፋሱ ያታልለዋል። መጋረጃ ወይም ቁም ሣጥን ከጋረደው አየሩ አይደርሰውም። ከምድጃ በላይ ከሰቀላችሁትም በየቀኑ እየጮኸ ይሰለቻችሁና መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ። ሲጮህ ደግሞ የሚወጣው እሱ አይደለም። ሠላማዊት ትውጣ፣ ሕፃኑ ይውጣ፣ እርስዎም ይውጡ፤ በሩም ወለል ብሎ ይከፈት።

ይህን ደብዳቤ ያመጣው ሳጂድ አዲስ ባትሪ ይዟል። እንዳለው አንብቦ እንደጨረሰ ዕቃውን ከግቢው በር አውርዶ ጓዳ ይስቀልና የመሞከሪያውን ቁልፍ ይጫን። ሳጂድ ድምፁን ከቤት ውስጥ ሳይሰማ መኪናውን እንዳያስነሣ ነግሬዋለሁ። እሱም «እናትህ የጾም ምሳ ካበሉኝ እስከ ማታም እጠብቃለሁ» ብሎኛል።

ሃይማኖት እጅ ነሥታለች፤ ቅያሜ የለኝም፣ መጥተው ትሁንን ይቀፏት ብላለች። እንዳለውን ሰላም በሉልኝ፤ ለሬዲዮኑ የራሱን ባትሪ ይግዛለት። ጎረቤታችንን ፈንቴን ሰላም በሉልኝ፤ በእሷም ቤት ከሰል እንደሚያድር አውቃለሁና ይህን ያንብቡላት። ሠላማዊትን ግንባሯን ይሳሙልኝ። ስሙን ገና ለማናውቀው ሕፃንም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እናቱ ሆድ ውስጥ ሆኖ የሚሰማው የዛሬው ሙከራ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጩኸት ይሁንለት።

ልጅዎ ዋለ
ኮኪት፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.