ሦስተኛው ጥያቄ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ሻንጣው ተዘጋጀ። ፔርሙዙን አጠብኩ፣ ሳንድዊቹን ጠቀለልኩ። ነገ እንደየዓመቱ ሐይቁን ልንዞር ነው። ከምንኖርበት ከዱሉዝ ተነስተን በሰሜኑ ዳርቻ፣ ድንበር ተሻግረን በካናዳ በኩል፣ ከዚያ በትልቁ ድልድይ ወደ አሜሪካ ተመልሰን በደቡቡ ዳርቻ ወደ ቤት። ራይኖ ይነዳል፤ እኔ ሐይቁ ባለበት በቀኝ በኩል እቀመጣለሁ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ጠዋት መኪናውን ሲያወጣ የጎረቤታችንን የፖስታ ሳጥን ገጭቶ ጣለው። "ያለቦታው የተተከለ ነገር" አለ። እኛ ወደዚህ ሰፈር ሳንመጣ የነበረ ሳጥን እኮ ነው... ሄጄ አቆምኩት። ቡና ሲቀዳም ከስኒው ጎን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። ሽማግሌ ሆኗል፤ እጁ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል? እጁ ይሆናል። እጁ ቢሆን ይሻለኛል።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10

እጁ አይደለም። ዓይኑ ነው።

ምልክት ባየን ቁጥር "ምን ይላል ኢልማ?" ይለኛል፣ ለጨዋታ አስመስሎ። ነዳጅ ስንቀዳ እንደዋዛ "ትንሽ ልንዳልህ?" አልኩት። "ኧረ ግድ የለም፣ ደህና ነኝ።"

ድንበሩ ላይ ፓስፖርታችንን ያየው ወጣት በመስኮቱ መለሰለት። የራይኖ እጅ ፓስፖርቶቹን አልፎ ሄዶ ባዶ አየር ጨበጠ። ልጁ ቀና ብሎ አየው። "አባባ፣ ደህና ነዎት?"

እኔ ቀደምኩ። "ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ነው" አልኩ።

ሰማዩ እንዳለ ደመና ነበር። ልጁ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ... "መልካም መንገድ" ብሎ አሳለፈን።

ለምን ዋሸሁ? ለሱ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ? ዕድሜውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የሰው ልጅ አደራ ተሸክሞ አንድም ቀን መኪናውን አልጫረም። ቁልፉን ተቀበልኩት ማለት... አላውቅም። ፈርቻለሁ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 11

ያደርነው ካናዳ ውስጥ፣ ታንደር ቤይ ነው። ቁርስ እዚያው፣ እንደኛው ፊንላንዳውያን የሆኑ ሰዎች ምግብ ቤት፣ ስስ ፓንኬክ። እናቴ ትሠራው እንደነበረው ዓይነት ነው፤ ሳልጨርሰው ተውኩት።

"ከዚህ በኋላ እኔ ብነዳስ?" አልኩት።

"አትቸገሪ። አንቺ ሐይቅሽን እዪ።"

ሁለት ሆነ።

እኛ ዘንድ ሦስት ጊዜ ያልተጠየቀ ሰው እሺ አይልም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኬክ ሲዞር እንኳ መጀመሪያ "አይ፣ ጠግቤያለሁ" ነው። ቀጥሎ "አትቸገሩ"። በሦስተኛው "እሺ፣ ትንሽዬ"። ሁለት ጊዜ ብቻ ጠይቆ የሄደ ጋባዥ ይታማል። የመጀመሪያዎቹ እምቢታዎች ወግ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን የእውነት ነው፣ ከዚያ ወዲያ አይነካም። የፈራሁትም ይህን ነው። በሦስተኛው እምቢ ካለኝ በምን አፌ መልሼ እጠይቀዋለሁ? ስለዚህ ይዤዋለሁ። እየቆጠብኩት ነው።

ከሰዓት በኋላ ግንድ የጫነ መኪና ከፊታችን ሲመጣ ራይኖ መሃል መስመሩን ረግጦ ነበር። "ቀኝህን ያዝ።" "ይዣለሁ።" አልያዘም ነበር። ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈን። እግሬ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ዋለ። ሐይቁን ዛሬ አንዴም አላየሁት።

ሞቴል ገብተን እራት ላይ ያወራኛል፣ ግን ጆሮዬን ነው የሚያየው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12



ከዋዋ ከተማ አለፍ ብሎ መንገድ ይጠገናል። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰች ሴት "ቁም" የሚል ምልክት ይዛ መሃል መንገድ ላይ ቆማለች። ከሩቅ አየኋት። አሁን ፍጥነት ይቀንሳል ብዬ ጠበቅኩ... አሁን... "ራይኖ፣ ሰው!"

ፍሬኑን ረገጠ። ሴትየዋ ምልክቱን ጥላ ወደ ጠጠሩ ዘለለች። ምልክቱ ከጎማችን ስር ገብቶ ተሰበረ።

ተነስታ መጥታ መስኮቱን አንኳኳች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

"አባባ፣ አላዩኝም እንዴ? ቤት የምትጠብቀኝ ልጅ አለችኝ እኮ።"

"አላየሁሽም" አለ ራይኖ። "ይቅር በዪኝ ልጄ።"

ስብርባሪውን ሰብስባ ሄደች። ብትሰድበን ይሻል ነበር። ዳር ይዘን ቆምን። እሱ መሪውን በሁለት እጁ እንደጨበጠ ነው። ያኔ ጠየቅኩት፣ ሳላለሳልስ። "ራይኖ፣ እኔ ልንዳ።"

ቁልፉን ነቀለ። ሊሰጠኝ ሲዘረጋ እጄን ሳተው፤ እጄን ወደ እጁ ወሰድኩት።

"ምነው ይህን ያህል አስቆየሽው?" አለኝ። "ከትናንት ቁርስ ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው።"

እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ለወግ ብለን የሰው እናት ልንገድል ነበር። "አንተ አፍ የለህም?" አልኩት።

"አንቺስ?"

ወርጄ ዞርኩ፣ ወንበር ተቀያየርን።

በኋላ ነገረኝ። ሐኪሙ የነገረው ገና በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ከሚያየው ነገር መሃል መሃሉ እየጠፋ ሄዷል፤ ዳር ዳሩ ነው የቀረው። አይመለስም አሉት። ይህችን አንድ ዙር ብቻ ነድቼ አቆማለሁ ብሎ ለራሱ ምሎ ነበር። "ፊትሽ የለም" አለኝ። "ጆሮዎችሽ ግን አሉ፣ ሁለቱም።" ስቄ ነው ያለቀስኩት ወይስ አልቅሼ ነው የሳቅኩት...

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 13

ድልድዩ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርኩት እሱን ነው። ገበያና ቤተ ክርስቲያን ድረስ እንጂ ነድቼ የማላውቅ ሴት! ሁልጊዜ ያን ድልድይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው። ዛሬ ማን ይጨፍንልኝ?

መሃሉ ላይ ልቆም ምንም አልቀረኝም። ነፋሱ መኪናውን ይገፋል። ራይኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ድሮ አውቶቡሱ ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን ሲያባብል እንደሚያደርገው፣ "ከፊትሽ ያለውን መኪና ጀርባ ብቻ እዪ" አለኝ። "ውሃውን እኔ አይልሻለሁ።"

ወዲያ ማዶ የአሜሪካዋ የድንበር መኮንን ፓስፖርት ተቀብላ "እስካሁን ማን ነበር የሚነዳው?" አለችን። ወሬ ልትጠይቅ ነው መሰለኝ።

"እሱ ነበር" አልኩ። "ዓይኑ ስለማያይ ከትናንት ጀምሮ እኔ ነኝ።"

ራይኖ አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። "እሷ ናት" አለ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14

ሚሺጋን ግዛት። ቅጠሉ ቀልቷል፣ ውሃው ዛሬ ፀጥ ብሏል። ቀስ እያልኩ ነው የምነዳው፤ ከኋላዬ መኪናው ተሰልፎ ይነጫነጫል። ይነጫነጭ።

ራይኖ በሐይቁ በኩል ተቀምጦ ፊት ለፊት መንገዱን ያያል። በስንት ዘመኑ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ... "ዞር ብለህ እየው እንጂ" አልኩት።

"ዞር ካልኩ ይጠፋል። መንገዱን ሳይ ነው በጎን የሚመጣልኝ።" ቀጠል አድርጎ "ድሮስ በየት አየሁት? ስነዳ እኮ ነው የኖርኩት። ልክ እንደዚሁ ነበር" አለ።

ለካ ሐይቁን ሁልጊዜ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሳልጠይቀው ኖርኩ።

ፔርሙዙን ከእግሩ ስር አነሳ። "ቡና ልቅዳልሽ?"

አንዴ ነው የጠየቀኝ።

"እሺ" አልኩት።

ግማሹ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። የተረፈውን ጠጣሁት።