በአሮጌው ትራም ውስጥ ያስቀመጥኳቸው ሽማግሌዎች

ለእህቴ ለትርንጎ፣ ደሴ።

ይህን የምጽፍልሽ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላኝ ወንድምሽ ይልማ ነኝ፤ እስክሪብቶውን የያዘውም እጅ የራሴ ነው። ሔለን "አባዬ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ" ብላኝ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ማታ ማታ የለቀምኩት ፊደል ለእህቴ ካልሆነ ለማን ሊሆነኝ ነው ብዬ እምቢ አልኳት። ቢንጋደድብሽ ታግሠሽ አንብቢው። ሦስት ፎቅ ደረጃ ያለ ደጋፊ እወጣለሁ፣ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ቅዳሴም ቆሜ አስቀድሳለሁ። ልጆቹ ከዘራ ገዝተውልኛል፤ በር ጀርባ ቆሞ ጃንጥላ ይጠብቃል።

አንቺስ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል? አቶ ሙሄን ያ ሳል ለቀቃቸው ወይ? የደሴ ብርድ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ ጣለ? የእናንተን ደኅንነት ሳላስብ የማድርበት ቀን የለም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሰው ሙግት በቀር ያመመኝ ነገር የለም።

ባለፈው በስልክ ስለ ሔለን ነገር ስትቆጪኝ መስመሩ ተቋረጠ። እኔ እንደ ዘጋሁብሽ አድርገሽ ለልጄ ለወንድዬ ተናግረሻል አሉ። አልዘጋሁብሽም። ዘግቼብሽ ቢሆን ዘጋሁብሽ እልሽ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። እንደምታውቂው ባለቤቴ ውድነሽ ካረፈች ወዲህ ሔለን የራሷን ቤት ለቃ እኔ ዘንድ ገባች። ማታ ከሥራ ስትመለስ ቁልፉ በሩ ውስጥ ሲዞር እሰማለሁ፤ ያን ስሰማ ነው ቀኑ የሚመሽልኝ። በሪሁን የሚባል የጎንደር ልጅ፣ እዚህ ከተማ የትራም ሹፌር የሆነ፣ ሊያገባት ፈለገ። እሷም ፈለገች። እኔ አልፈለግኩም። ሽማግሌ አድርጎ የላካቸውም ባዕድ አይደሉም፣ ዘርኣማርያምና ጃብር ናቸው፤ ሁለቱም የአስመራ ልጆች፣ ከእኔ ጋር እዚህ አገር ያረጁ። መጀመሪያ በስልክ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ጠየቁኝ። ልጄ ጥርስ አይደለችም በቴርሚን የምትነቀል ብዬ መለስኳቸው። በሁለተኛው ሳይደውሉ መጡ። ሳይደውሉ የሰው ቤት ይመጣል ወይ ብዬ ደጃፍ ላይ እንደ ቆሙ ሸኘኋቸው። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ካልተቀመጠ ነገሩ አልተጀመረም፤ እኔ ተቀመጡ አላልኩም፣ እነሱም ያን ሁሉ ደረጃ ተመልሰው ወረዱ። ላንቺ አልደብቅሽም፣ ልጁ ላይ ያገኘሁበት እንከን የለም። የፈራሁት ቤቱ ጭር እንዳይልብኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ሔለን አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሳህን እያጠበች "አባዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ይመጣሉ። ከመለስካቸው ሌላ መምጣት የለም። ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርማለን፣ አንተንም የሚጠይቅህ የለም" አለችኝ። እናቷን መሰለችኝ፤ ውድነሽም ስትጨክን ድምፅዋ ዝቅ ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጣራ ሥር እየኖርን ደህና አደርክ ደህና ዋልክ ብቻ ሆንን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወንድዬ ልጁን ሊያን ይዞ መጣና ሁላችንም፣ ሔለንም ጭምር፣ የድሮ ትራሞች ሙዚየም እንሂድ አለ። እኔ የትራም ወለል ሳጥብ ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ ትራም አይቼ ምን ልሆን አልኩ። ሊያ "ኦፓ፣ ኮም"፣ አያቴ ና፣ ብላ እጄን ጎተተች። በግትርነት ከእኔ ትብሳለች፣ ሄድኩ።

ቦታው ከማይን ወንዝ ማዶ ነው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ትራሞቹ በየሐዲዳቸው ተሰልፈው ቆመዋል፤ በፈረስ ይጎተት የነበረ ሳይቀር አለ። የእንጨቱ ወንበር ተወልውሎ ፊት ያሳያል፣ መያዣው ነሐስ ነው፣ ከጣሪያው ለቆመ ሰው የሚሆን የቆዳ ማንጠልጠያ ተደርድሯል። ነጠላዬን በካፖርቴ ላይ እንደ ደረብኩ ስለነበር፣ አንዲት ጀርመን ሴትዮ የሙዚየሙ ሰው መስያት አብረን ፎቶ እንነሣ አለችኝ። ተነሣሁላት። ወንድዬ በሳቅ ሞተ። እኔ ጎንበስ ብዬ የወንበሮቹን ሥር አየሁ፤ አንድም የተለጠፈ ማስቲካ የለም። የሚያጥበውን ሰው ሳላውቀው ወደድኩት።

በዚያ ቀን አንዱን አሮጌ ትራም ሰው ጭነው በከተማው መንገድ ያስኬዱታል። ስንገባ ሹፌሩ በሪሁን ነው። ሥራ በማይገባበት እሑድ እዚያ በነፃ ያገለግላል ለካ። የድሮ ቆብ አድርጎ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ። እኔም ለሰላምታው ያህል ራሴን ነቀነቅኩና ተቀመጥኩ። ትራሙ ሊነሣ ሲል ጃብርና ዘርኣማርያም ገቡ፤ አጋጣሚ መሰለኝ። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ሁለቱም ማንጠልጠያውን ይዘው ፊቴ ቆሙ።

ጃብር ጉልበቱን ያመዋል። እሱና እኔ ትራሞቹ በሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ ስንት ዘመን አብረን ተንበርክከን ወለል ፍቀናል። ቲኬት ቆራጩ፣ ነጭ ጢም ያለው ጀርመን፣ ሰው ሁሉ ካልተቀመጠ ትራሙ አይንቀሳቀስም አለ። ጃብርን ተቀመጥ እንጂ አልኩት። "አንተ ካላልክ አንቀመጥም" አለኝ። አልኩ እኮ አልኩት። ዘርኣማርያም "አፍህ ነው ያለው፣ ልብህ አላለም" አለ። ሊያ ሰዎቹ ለምን አይቀመጡም እያለች በጀርመንኛ ትጠይቀኛለች። ከኋላ ያሉት ሰዎች ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ትርንጎ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ በእኔ ምክንያት የዘገየ ትራም የለም። ጉልበቱ የታመመ ሰው ፊቴ ቆሞ እኔ ተቀምጬ፣ የሰው ዓይን በላኝ። ተነሣሁና ሁለቱንም በትከሻቸው ይዤ በሞቴ ተቀመጡ፣ በውድነሽ አፅም ተቀመጡ አልኳቸው።

ወዲያው ቁጭ አሉ። ትራሙም ደወለና ተነሣ። ዘርኣማርያም ኮቱን አስተካክሎ "እንግዲህ ካስቀመጥከን የመጣንበትን እንናገር" ሲል ነው ሽምግልናው መጀመሩ የገባኝ። ወንድዬን አየሁት፤ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ሔለን ግን አልሸሸችም፤ ቀጥ ብላ ታየኛለች። ይሄ ተንኮል ነው፣ ደግሞም ቤቴ አይደለም፣ አይቆጠርም አልኩ። ጃብር ጉልበቱን እያሸ "ሃያ ዓመት ያጠብከው ቤትህ ካልሆነ የማን ቤት ነው?" አለኝ። ዘርኣማርያም ደግሞ "ከፈለግክ አስነሣንና ውረድ፣ ፌርማታው ቅርብ ነው" አለ። በሞቴ ብሎ ያስቀመጠውን እንግዳ የሚያስነሣ ሰው በእኛ ቤት አልተወለደም፤ አባታችንን ታውቂዋለሽ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቁጭ ብዬም የልጁን አነዳድ አዳመጥኩ። እኔ ሹፌሮችን በፊታቸው ሳይሆን በወለላቸው ነው የማውቃቸው። ፍሬን እንደ ጠላት የሚረግጠው ሰው ትራሙ ማታ ሲገባ፣ ቡና ተደፍቶ፣ የሕፃን ጡጦ ተንከባልሎ፣ የአሮጊት ፖም ወንበር ሥር ተበትኖ አገኝ ነበር። ያ አሮጌ ትራም ይንገጫገጫል፤ ቢሆንም በመታጠፊያውም በፌርማታውም የሊያ ጭማቂ ጠብ አላለም። አንዲት ባልቴት ልትወርድ ስትል፣ ቲኬት ቆራጩ ደወሉን ቢስብበትም፣ በሪሁን ሁለተኛው እግሯ መሬት እስኪረግጥ ጠበቃት። ልጄን ከዚህ ሰው የምከለክለው ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ ብዬ እል ጀመር።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ትራሙ ሲቆም ተነሣሁ። ሽማግሌዎቹ አብረውኝ ሊነሡ ሲሉ እናንተ ተቀመጡ አልኳቸውና፣ ልጅቱን ሰጥቻለሁ አልኩ። ግን ከሪደርቫልድ ቤቴ ማንም አያስወጣኝ፤ የአረጋውያን መጦሪያ የሚል ወሬም ጆሮዬ እንዳይገባ። ልጆቹም እኔ ዘንድ ሲመጡ ደውለው እንዳይመጡ። ጃብር "ሳንደውል ብንመጣ አይደል እንዴ ያባረርከን?" አለኝ። እሱ ለሽማግሌ ነው፣ ይሄ ለልጅ ነው አልኩት። ሳቁብኝ፤ ይሳቁ።

በሪሁን ቆቡን አውልቆ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዶ ነበርና ሔለን አነሣችልኝ፤ እጇንም እዚያው ትከሻዬ ላይ ተወችው፣ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ።

ሠርጉ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ነው። ያዩት ቤት ከእኔ ሁለት ፌርማታ ነው። ፍርሃቱ ለቀቀኝ አልልሽም፤ አብሮኝ አለ፣ ግን እንደ በፊቱ ከሰው አያጣላኝም። ያቺን ጥቁር ካፖርቴን ለሠርጉ እንዲያስተካክላት ለልብስ ሰፊ ሰጥቻታለሁ።

ለአቶ ሙሄ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለሳላቸው ማር በሎሚ ይጠጡ። ልጅሽን ጌጡን ጎሽ በይልኝ፣ የላከውን የቤቱን ሥዕል አይቻለሁ፣ ጣሪያው ተስተካክሏል። ምራትሽን ዘነቡን እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት፤ ሕፃኑን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ። ጎረቤትሽ እማማ ሰዓዳ ስለ እኔ ከጠየቁ፣ ያ ግትር ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረታ በያቸው፤ ደስ ይላቸዋል። አንቺም አክስቷ ነሽና ለሔለን የሚሆን ምርቃት በድምፅ ቀድተሽ ላኪ፣ አታሳጥሪው።

እንግዲህ በዚህ የቀሩኝን ዕዳዎች ልንገርሽ። ጃብርን ያን ሁሉ ደረጃ አስወጥቼ ውኃ ሳላቀምሰው ሸኝቼዋለሁ፤ ቬስትኤንድ ሰፈር ያለው ቤቱ ድረስ ሄጄ ባስቀመጠኝ ቦታ እቀመጣለሁ። ለቲኬት ቆራጩ ትራሙን ያዘገየሁበት ይቅርታ አለብኝ፤ ድፎ ዳቦ ይዤለት እሄዳለሁ። ውድነሽን ሳላስፈቅድ በአፅሟ ምያለሁ፤ መቃብሯ ሄጄ የሆነውን በአፌ እነግራታለሁ። ሔለን ደግሞ የእኔን እሺታ ስትጠብቅ አንድ ዓመት አልፎባታል። ይህን በምን እንደምከፍላት ገና አላወቅኩም። ወንድዬም እንዳይከፍልልኝ፣ አንቺም በስልክ እንዳትከፍይልኝ፤ እኔው እከፍላለሁ።

ወንድምሽ ይልማ
ሪደርቫልድ፣ ፍራንክፈርት አም ማይን
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.